ተገፍታ የማትነሳው መኪና

አንድ ሹፌር አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው። ሹፌሩ አስረስ ይባላል፤ የሚኖረው ከወንዝ በላይ፣ ዳገት ላይ በተሠራች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። መኪናዋን የገዛት ገና ጎረምሳ ሳለ ነበር። እሱ ሲሸብት የእሷም ቀለም ለቀቀ። ሰፈርተኛውም "አሮጊቷ" የሚል ስም አወጣላት።

አሮጊቷ አንድ ክፉ አመል ነበራት። ጠዋት ጠዋት በቁልፍ አትነሳም። ባትሪዋ ተቀየረ፤ ሞተሯ ተፈትቶ ተገጠመ፤ አመሏ ግን አልለቀቃትም። የምትነሳው ተገፍታ ብቻ ነው። ስለዚህ አስረስ በየማለዳው በሯን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን ውስጥ፣ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ይጣራል።

"ኧረ የሰፈር ሰው! ኧረ አንዴ!"

ያን ጊዜ ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄደው ሰው እህሉን አውርዶ ይመጣል። የቀበሌው ጸሐፊ ከረባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ይመጣል። ልብስ ልታሰጣ የወጣች ሴት እጇን በቀሚሷ አድርቃ ትመጣለች።

"አስረስ፣ ዛሬስ ቁርስ ሳታበላን አንገፋም!" ይላል ጸሐፊው።

"ግፉና ቁርስ ቤት በር ላይ አደርሳችኋለሁ!"

"ስንት ዓመት ሙሉ በር ላይ ነው የምታደርሰን? አንድ ቀን እንኳ አብረኸን ገብተህ ሂሳብ ስትከፍል አላየንህም!"

እየሳቁ ይገፋሉ። አሮጊቷ ቁልቁለቱን ስትጀምር አስረስ ዘሎ ይገባና ማርሽ ያስገባል። እሷም አንዴ ታስላለች፣ ሁለቴ ታስላለች፣ ጥቁር ጭስ ትለቅና ትነሳለች። ከዚያ የገፉት ሁሉ ሮጠው ይሳፈራሉ። የገፋ ሰው አይከፍልም። ማን እንደ ደነገገው የሚያስታውስ የለም፤ ሰፈሩ ግን እንደዚያ ነበር የሚሠራው።

ነገሩን እንዳላጋንን፣ አሮጊቷ ጥሩ መኪና አልነበረችም። በክረምት ጣሪያዋ ያፈሳል። ነዳጅ ትጠጣለች። መንገድ ላይ የቆመችባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው፤ ተሳፋሪም ተራግሞ ወርዷል። ይህንን የማይናገር ሰው አሮጌ መኪና ይዞ አያውቅም።

በዚያ ሰፈር እትዬ ዘነቡ የሚባሉ አንዲት መበለት ነበሩ። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ስንዱ ትባላለች፤ ልብስ ሰፊ ነበረች። ስንዱ አስም ነበረባት። ሲነሳባት ደረቷ ይታፈናል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። የከተማዋ ጤና ጣቢያ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ከወንዙ ድልድይ ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ይልካታል። የሚወስዳት ደግሞ ሁልጊዜ አስረስ ነበር። ሌሊትም ይሁን ቀን፣ እትዬ ዘነቡ ሲጮኹ ሰፈሩ ይወጣል፣ አሮጊቷን ይገፋል፣ እሷም ድንጋያማውን መንገድ እየተንገጫገጨች ታደርሳታለች። ለአንድ ጊዜም ቢሆን ሳታደርሳት ቀርታ አታውቅም።

ስንዱም ስትድን ትቀልዳለች። "ጋሼ አስረስ፣ እኔና መኪናህ እኮ እህትማማቾች ነን። ሁለታችንም ስናስል ነው ሰፈሩ የሚነሳው።" ከደንበኞቿ የተረፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥማም ለአሮጊቷ የወንበር ልብስ ሰፋችላት። ሰባራው ወንበር አበባ መሰለ።

አንድ ቀን አስረስ ሙሽራ እንዲያጅብ ተጠራ። ከሌላ ከተማ የመጡ እንግዶች፣ የሚያብረቀርቁ መኪኖች ይዘው ተሰልፈዋል። የአሮጊቷ ሞተር በሰልፉ መካከል ጠፋ። አስረስ እንደ ልማዱ ወርዶ "ኧረ አንዴ!" ብሎ ተጣራ። ካባ የለበሱት ሚዜዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከእንግዶቹ አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "አባት፣ መኪናዋን የያዙት ለመንዳት ነው ወይስ ለማስገፋት?" አለው። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። አስረስም አብሮ ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን ራት አልበላም። ሲገፉለት የኖሩባቸውን ዓመታት ሁሉ እያሰበ፣ እንደ ለማኝ ሲጣራ የኖረ መሰለው።

በዚያው ሰሞን አቶ ደምሰው የሚባል ነጋዴ አዳዲስ መኪኖች አስመጥቶ ለሹፌሮች በሊዝ መስጠት ጀመረ። በሊዝ ማለት፣ መኪናዋ የነጋዴው ሆና ትቆያለች፤ ሹፌሩ በየወሩ እየከፈለ ይነዳታል፤ ዘመኑ ሲያልቅ መልሶ ሌላ አዲስ ይወስዳል። አስረስ ሄዶ አያት። ወንበሯ ገና ከነላስቲኩ ነው። ቁልፏን ሲነካት ድምፅ ሳታሰማ ተነሳች። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ለእትዬ ዘነቡ ሲነግራቸው ደስ አላቸው። "ሳትገፋ የምትነሳ ከሆነችማ ለልጄ መድኃኒት ናት። ሰው እስኪሰበሰብ ነበር ነፍሴ የምትወጣው" ብለው መረቁት። እሱም ይህንን ሲሰማ ልቡ ሞላ። ለራሱ ክብር ብቻ ሳይሆን ለስንዱም ያደረገው ሆኖ ተሰማው፤ ውሸቱንም አልነበረም።

መኪናዋን በተረከበበት ቀን ሽማግሌዎች ተጠርተው ዳቦ ተቆረሰ። አቶ ደምሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉንም በግልጽ ተናገረ።

"ብትበላሽ አሠራታለሁ፤ አንተ ሥራህ መንዳት ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ። ከድልድዩ ማዶ አትሻገርባት። ያ ድንጋይ የስንቱን መኪና ከሥር እንደ ቀደደ ታውቃለህ። ውስጧ መሣሪያ አለ፤ ማዶ ያሰመርኩላትን ወሰን ስታልፍ ራሷ ትቆማለች። እኔ በስልኬ ካልከፈትኳት አትነሳም።"

አስረስ ራሱን ነቀነቀ። አጠገቡ የቆመው ጋሽ ቦጋለ በክርኑ ጎሸመው። ጋሽ ቦጋለ አሮጊቷን ዕድሜዋን ሙሉ ሲጠግናት የኖረ መካኒክ ነው።

"ጠይቀው እንጂ" አለው በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"ሆስፒታሉ ማዶ አይደለም እንዴ? የዘነቡ ልጅ ቢነሳባትስ?"

"ጋሽ ቦጋለ፣ ሽማግሌ እየመረቀ በሽታ ላንሳ? ሰው ምን ይለኛል? የዛሬው ቀን በደስታ ይለፍ።"

"ነገ ትጠይቀዋለህ?"

"ነገ እጠይቀዋለሁ።"

በማግስቱ ነጋዴው መንገድ ላይ አግኝቶት፣ "እንዴት ናት?" ሲለው አስረስ "አንደኛ ናት!" አለ። ሰውዬው እንዲህ ፊቱ በርቶ እያለ ጥያቄ ማንሳት ምስጋና ቢስነት መሰለው። ሌላ ቀን ሊጠይቀው ሲሄድ እንግዳ ይዞ አገኘው፤ ሰላም ብሎ ተመለሰ። በኋላም ለራሱ እንዲህ አለ፦ "ደግሞስ ምን ያስጠይቃል? ቢያስፈልግ እደውልለታለሁ። የሰው ነፍስ ከመጣ ማን እምቢ ይላል?" እውነቱን ነው፤ እምቢ የሚል አልነበረም። ጥያቄው ግን ሳይጠየቅ ቀረ።

ለአዲሲቷ ከሚሰጠው ቀብድ ገና የቀረበት ስለነበር አሮጊቷን ለጋሽ ቦጋለ ለመለዋወጫ ሸጠለት።

"ትንሽ ትቆይ እንዴ?" አለው ጋሽ ቦጋለ። "ቦታ አላጠበበችብኝም።"

"ፍታት ጋሼ። ባየኋት ቁጥር ያ ሰርግ ነው ትዝ የሚለኝ።"

ጋሽ ቦጋለም ፈታት። የወንበሯን ልብስ አራግፎ ለስንዱ መለሰላት።

ከዚያ በኋላ ማለዳው ሌላ ሆነ። ሰፈርተኛው በለመደው ሰዓት ብቅ ይላል። አዲሲቷ ድምፅ ሳታሰማ ትወጣለች። አስረስ እጁን ያነሳል፤ እነሱም "መልካም ቀን!" ይሉታል። ማንም አልተቀየመውም። ነገር ግን ሳይገፋ ልሳፈር ማለት ሁሉንም አሳፈረ፤ አስረስም የወሩን ክፍያ እያሰበ ቆም ብሎ "ግቡ" አላለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያ ሰዓት የሚወጣ ሰው ጠፋ። ጸሐፊው በእግሩ መሄድ ጀመረ። እህል የሚያስፈጨው ሰው ሸክሙን እስከ ወፍጮ ቤት ድረስ ሳያሳርፍ መሄድን ለመደ።

ጥቅምት ገባ። አንድ እሑድ ጠዋት፣ ብርዱ በጠናበት ሰዓት፣ ስንዱን አስሟ ተነሳባት። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሰጣት፤ አልቀለላትም። "ኦክስጅን አልቆብናል፤ ቶሎ ማዶ ውሰዷት" አሉ። አስረስ መኪናዋን በር ላይ አስጠጋ። ማንም ሳይገፋት ቀጥ ብላ ተነሳች። እትዬ ዘነቡ ልጃቸውን አቅፈው ከኋላ ገቡ።

"እሰይ፣ እሰይ፣ ይኸው ተነሳች" አሉ ልጃቸውን እያባበሉ። "አሁን እንደርሳለን።"

አስረስ ወደ ነጋዴው ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወለ። ዝግ ነው። ነጋዴው ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ቅዳሴ ስለሚያስቀድስ ስልኩን ዘግቶታል። ሁለት ሌሎች መኪኖች ነበሩ በከተማዋ፤ ባለቤቶቻቸው ሰርግ ሄደዋል። አስረስ ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ለአፍታ እግሩን ከነዳጁ አነሳ። "ለማስፈራራት ብሎ ቢሆንስ?" አለ በልቡ። ስንዱ ከኋላው ስታቃስት ሰማ። ተሻገረ።

ምንም አልሆነችም። ወንዙን አለፈች፣ ገደሉን አለፈች። "ተመስገን" አለ። ይህንን ቃል ሳይጨርስ አንድ ቀይ መብራት በራ። መኪናዋ እንደ መተንፈስ አለችና ቀስ ብላ ከማዶው ዳገት ሥር ቆመች።

"ምን ሆነች?" አሉ እትዬ ዘነቡ።

"ቆመች፣ እትዬ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ጥራቸው እንጂ!"

አስረስ ወርዶ ፊቱን ወደ ከተማዋ አዞረ። በአዲሲቷ መኪና ከጀመረ ወዲህ ተጣርቶ አያውቅም ነበር። "ኧረ የሰፈር ሰው!" ብሎ ጮኸ። "ኧረ አንዴ! ኧረ አንዴ!"

ሰፈሩ ሰማ። ዳገቱ ላይ ሆነው ድልድዩን ያያሉ። ያንን ጩኸት የማያውቀው አልነበረምና ሰው ከየቤቱ ወጣ፤ የእሑድ ልብሱን እንደ ለበሰ ቁልቁል ሮጠ። ማንም "ሳንገፋ ስንት ጊዜ ትተኸን አለፍክ" አላለውም። ጸሐፊው እየሮጠ እጅጌውን ሰበሰበ። ደርሰው ትከሻቸውን ሰጡ።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!"

መኪናዋ አልተነቃነቀችም።

"ሆ! በሉ እንጂ!"

ጋሽ ቦጋለ ዕድሜው ስለገፋ ኋላ ነበር የደረሰው። ጎማዋን አየ፤ እጁን በሞተሯ ክዳን ላይ አሳረፈ። "አትግፉ" አለ።

"እንዴት አትግፉ ይባላል?" ጸሐፊው ጮኸበት። "ስንቴ ገፍተን አስነስተናል!"

"ያስነሳችሁት አሮጊቷን ነው። ይቺ ጎማዋ ተቆልፏል። ባይቆለፍም ተገፍታ የምትነሳ አይደለችም። ቁልፏ ያለው ሰውዬው ስልክ ውስጥ ነው።"

አልሰሙትም። እንደገና ገፉ። ጫማቸው ድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ ገፉ። ከመግፋት ሌላ የመርጃ መንገድ ስለማያውቁ ገፉ። ስንዱ ላብ ያጠመቀው እጇ የወንበሩ ላስቲክ ላይ እየተንሸራተተባት ቀና አለች። በመስኮቱ ሰዎቹን አየች። ሁሉንም ታውቃቸዋለች።

"ጋሼ" አለች በቀጭን ትንፋሽ፣ "ይቺ ምነው አታስልም?"

አስረስ ወደ ጋሽ ቦጋለ ዞረ። "አሮጊቷስ?" አለው፤ መልሱን እያወቀ።

"ሞተሯን ሸጥኩት እኮ፣ አስረስ። ፍታት ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

ያን ጊዜ ጋቢዎቻቸውን ቋጥረው ስንዱን አስተኟትና ትከሻቸው ላይ አነሷት። እየተቀባበሉ ዳገቱን ወጡ። ድንጋዩ እግራቸውን ላጠው። ዳገቱ ጫፍ ላይ አሸዋ የጫነ መኪና አግኝተው አሸዋው ላይ አወጧት። ሆስፒታሉ በር ሲደርሱ እትዬ ዘነቡ "ልጄ፣ ደርሰናል" አሏት። አልሰማችም።

አቶ ደምሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ስልኩን ከፈተ። አስረስ እንደ ደወለለት የሚናገሩ መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። ደነገጠ። መኪናዋ ያለችበትን አየ፤ በጣቱ ነክቶ ከፈታት። ከድልድዩ ማዶ፣ ዳገቱ ሥር፣ ማንም በሌለበት፣ አዲሲቷ መኪና መብራቷን አበራች።

በለቅሶው ቀን ነጋዴው ድንኳኑ ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "ምነው ያን ዕለት በጠየቅኸኝ!" አለ። "የሆስፒታሉን መንገድ ብቻ እከፍትልህ ነበር። የአፍታ ሥራ ነበር እኮ!"

"በምርቃት ላይ በሽታ ማንሳት ነውር መስሎኝ" አለ አስረስ።

አንዳንድ ለቀስተኞች እትዬ ዘነቡን ለማጽናናት፣ "አሮጊቷም ብትሆን እኮ መንገድ ላይ ትቆም ነበር፤ ቀኗ ስለደረሰ ነው" አሏቸው። እትዬ ዘነቡም እንዲህ አሉ።

"አሮጊቷ ብትቆም አይቆጨኝም ነበር። እሷ የምትቆመው አቅሟ ሲያልቅ ነው። ይቺ ግን አቅም እያላት ቆመችብኝ።"



አስረስ መኪናዋን መልሷል። ዛሬ በእግሩ ነው የሚሄደው። ስንዱ ለአሮጊቷ የሰፋችውን የወንበር ልብስ እናቷ ሰጥተውት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል ይባላል። ጠዋት ጠዋት በዚያች ሰዓት ይወጣል፤ በር ላይ ትንሽ ቆሞ ይገባል።

ይህንን ታሪክ የምነግራችሁ አዲስ ነገር አትያዙ፣ በሊዝ አትውሰዱ ለማለት አይደለም። አሮጌም ነገር ሰውን ጥሎ ያውቃል። በሊዝ ወስዶ ልጆቹን ያሳደገ ብዙ ነው። ለማለት የፈለግሁት ይህንን ነው፦ የራሳችን የሆነ ነገር፣ ቢያረጅም ቢያሳፍርም፣ የሚቆመው ጉልበቱ ሲያልቅ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከእኛ ጋር ነው። የሰው የሆነ ነገር ግን ባለቤቱ አቁም ባለው ቦታ ይቆማል፤ እዚያ ቦታ ላይ የእኛ ጭንቅ ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም፣ ሊያውቅም አይችልም። ስለዚህ ከመያዛችን በፊት የት እንደሚቆም እንጠይቅ። ነውር ቢመስለንም እንጠይቅ። ቀኑ የደስታ ቢሆንም እንጠይቅ። እንዲያውም በደስታው ቀን ነው መጠየቅ ያለብን፤ በጭንቁ ቀን ስልኩ ዝግ ሊሆን ይችላልና።

ሌላም አለ። ሰው ሲገፋን የሚያሳፍረን ከሆነ፣ ያ ሰው እንዳይጠፋብን እንፍራ። የአስረስ ጎረቤቶች ሲጠራቸው መጥተዋል፤ እጃቸው ግን የሚይዘው አጣ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተስ ዛሬ የያዝከው ነገር የት ላይ እንደሚቆም ጠይቀሃል? ወይስ አንተም "ነገ እጠይቀዋለሁ" ብለሃል?